የሌኮክም ግድግዳ ጭቃ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ ሌኮክ ስለምትባለው ትንሽ የእንግሊዝ መንደር የጻፋችሁትን አንብበናል። ጽሑፉ ደግ ነው፤ ፎቶግራፎቹም ያምራሉ። ሁለት ነገር ግን ከንክኖናል። አንደኛው፣ መንደሯ «ጊዜ ስለቆመላት» ሳትለወጥ ኖረች መባሉ ነው። ሁለተኛው፣ በዚያው እትም ጥቂት ገጽ አለፍ ብሎ ስለ ሠራተኛ ሰፈር የወጣው ዜና ቤቶቹን «ደሳሳ የጭቃ ቤቶች» ማለቱ ነው። የሌኮኮቹ «ውብ ጥንታዊ ቤቶች» ተባሉ፣ የኛዎቹ ደሳሳ። የሌኮክም የብዙ ቤቶች ግድግዳ እንደኛው እንጨት፣ ጭቃና ጭድ መሆኑን ግን አንባቢ ሳያውቅ ቀረ። እኛ አራዳና አካባቢው የሚገኙ አሮጌ ቤቶችን የምንጠግን አናጺዎች፣ ግንበኞችና አርክቴክቶች ነን። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ክፍል ከፈረሰ ወዲህ የቀሩት አሮጌ ቤቶች ጥቂት ስለሆኑ፣ የተሳሳተ ምሳሌ ይዘን ጥገና እንዳንገባ ብለን ይህን ጽፈናል።

መጀመሪያ መንደሯ። የእንግሊዙን ዓመት እንደ አገሩ አቆጣጠር እንተወዋለን። ሌኮክ በዊልትሽር አውራጃ፣ ኤቨን ወንዝ አጠገብ ያለች፣ አራት መንገዶቿ ተጋጥመው አራት ማዕዘን የሚሠሩ መንደር ናት። በ1232 የሳልስበሪ ባለርስት የነበሩት ወይዘሮ ኢላ እዚያ የሴት መነኮሳት ገዳም መሠረቱ፤ ኋላ ራሳቸው መንኩሰው እመ ምኔት ሆኑ። መንደርተኛው የገዳሙ ጭሰኛ ነበር። አሥራቱን በእህልና በበግ ጠጉር የሚያስገባበት፣ በ14ኛው መቶ ዘመን የተሠራው ጎተራ ዛሬም ቆሟል። ቤተ ክርስቲያኗ በቅዱስ ሲሪያክ ስም የተሰየመች ናት። ስሙ በግሪክና በላቲን አፍ ዞሮ እንዲህ ሆነ እንጂ የኛው ቂርቆስ ነው። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ሲያዘጉ የሌኮኩም በ1539 ተዘጋ፤ ዊልያም ሻሪንግተን የሚባል ሹም ገዝቶ መኖሪያ አደረገው። ከዘመናት በኋላ ባለቤት የሆነው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1835 ከቤቱ መስኮቶች አንዱን በወረቀት ላይ አነሳ፤ እስከ ዛሬ ከተረፉት የፎቶግራፍ ኔጋቲቮች ቀዳሚው ይኸው ነው። የፒያሳ ፎቶ ቤቶች ሁሉ የዘር ሐረግ ቢቆጠር እዚያች መስኮት ላይ ይደርሳል።

ታዲያ ለምን አልተለወጠችም? የመንደሯ ሀብት ሱፍና ጨርቅ ነበር። የጨርቁ ሥራ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ሄደ፤ በ1841 ባቡር ሲመጣም ሐዲዱ በጎረቤቷ ከተማ በቺፐንሃም በኩል አለፈ። ገንዘቡ ሲርቅ አዲስ ቤት የሚሠራ ጠፋ፤ የቀረው አማራጭ አሮጌውን መጠጋገን ነበር። ቤቱ ሁሉ ለማለት ይቻላል የአንድ ባለርስት ቤተሰብ ስለነበረ ደግሞ አንዱ ተነስቶ ፎቅ አልቀጠለም፣ ሌላው በሱቅ አልተካም። በ1944 ማቲልዳ ታልቦት ገዳሙንም መንደሩንም ናሽናል ትረስት ለሚባለው የቅርስ ባላደራ ማኅበር በስጦታ ሰጡ። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1895 ነው፤ በ1907 በወጣለት ሕግ መሠረት «አይሸጤ» ብሎ የሰየመውን ይዞታ እሱ ራሱም መሸጥ አይችልም። ድህነት፣ አንድ ባለቤት፣ የማያስሸጥ ሕግ፤ ሌኮክን ያቆያት የነዚህ መገጣጠም ነው። ፍቅር ከነበረም የመጣው ኋላ ነው።

አንድ አከራይ መኖር ለኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ገባ። አራዳም እንደ ሌኮክ ተከራዮች የሚኖሩባት መንደር ሆነች። ነገሩ የተለያየው ጥገናው ላይ ነው። የሌኮክ ነዋሪ ዛሬም ተከራይ ነው፤ ግን በእንግሊዝ ሕግ በተለመደው የመኖሪያ ቤት ኪራይ የጣሪያና የግድግዳ ጥገና የአከራዩ ዕዳ ነው። እኛ ዘንድ ኪራዩ ጥቂት ብር ላይ ቆሞ ቀረ፤ በዚያ ገንዘብ አንድ ቅጠል ቆርቆሮ እንኳ አይቀየርም። ተከራዩም ነገ ልቀቅ ሊባል በሚችልበት ቤት ላይ ገንዘቡን አያፈስም። የቀበሌ ቤት የተጎዳው በጭቃነቱ ሳይሆን ጠጋኝ አልባ በመሆኑ ነው።

እንግሊዝ መንደሯን ሁሉ ጠብቃ አኑራለች ብሎ መጻፍም አይገባም። በዶርሴት አውራጃ ሚልተን አባስ የምትባል መንደር አለች። በ18ኛው መቶ ዘመን ሎርድ ሚልተን የሚባሉት ባለርስት፣ ከቤታቸው መስኮት ፊት ለፊት ያለችው የገበያ ከተማ ዕይታቸውን አበላሸችባቸው። ቤቶቹን እየገዙ አፈረሷቸው፤ ነዋሪውን ከኮረብታ ጀርባ አሰፈሩት፤ ከተማዋ በነበረችበት ሸለቆ ሐይቅ አስቆፈሩ። የተተኩት 36 ቤቶች መልካቸው አንድ ዓይነት፣ ክዳናቸው ሣር፣ ግድግዳቸው ጭድ የገባበት ጭቃ ነው፤ እያንዳንዱ ለሁለት ቤተሰብ የተሠራ ነበር። አንድ ጠበቃ አልወጣም ቢል ባለርስቱ የውኃ መዝጊያ ከፍተው ቤቱን አጥለቀለቁበት፤ እሱም ከሶ ረታ ይባላል። ዛሬ ቱሪስት «እንዴት ያለች ጥንታዊ መንደር» እያለ የሚያነሳት ያችን ምትክ ሰፈር ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። ሌኮክ ውስጥ ከመካከለኛው ዘመን የቀረ አንድ ቤት አጽሙ በጎኑ ወጥቶ ይታያል። ሲበቅል የጎበጠ የኦክ ግንድ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ሁለቱ ግማሾች እንደ ሁለት ማጭድ ፊት ለፊት ይደገኑና ጫፋቸው ጣሪያው ላይ ይገናኛል። የክዳኑ ክብደት በነዚህ በኩል መሬት ይደርሳል። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ምንም አይሸከምም፤ ነፋስና ዝናብ መከለያ ነው። የኛ ጭቃ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ክዳኑን የያዘው ቋሚው ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ምርጊቱ ሲረግፍ ቤቱ ያበቃለት ይመስለዋል፤ ምርጊት ግን እንደ ልብስ ነው፣ ሲያረጅ ይቀየራል።

በአጽሙ መካከል ያለውን ክፍት የሚሞሉት እንዲህ ነው። የላይኛው አግዳሚ ሆዱ ላይ ቀዳዳ፣ የታችኛው ጀርባው ላይ ቦይ ይፈለፈላል። ጫፉ የተቀረጸ የኦክ ፍላጭ መጀመሪያ ላይኛው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ታችኛው ቦይ ውስጥ እየተንሸራተተ ቦታው ላይ ይቆማል፤ ሚስማር የለውም። በቆሙት ፍላጮች መካከል ቀጫጭን የሀዘል ቅርንጫፍ አንዱን በፊት፣ አንዱን በኋላ እያሳለፉ እንደ ቅርጫት ይጎነጉኑታል። ጭቃው ሸክላነት ያለው አፈር፣ የተከተፈ ገለባና የከብት እበት ነው፤ በእግር ይረገጣል። ሁለት ሰው ከሁለት ወገን ሆኖ በአንድ ጊዜ ይመርጋል፤ ከውስጥ የተመታው ከውጭ ከተመታው ጋር በቅርንጫፎቹ መካከል እንዲያያዝ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢመርግ ጭቃው ወደ ማዶ እየተገፋ ይወድቃል። ሲደርቅ ደግሞ ከእንጨቱ ጠርዝ ይሸሻል፤ የዚያን ጊዜ ክፍተቱን አርሶ እንደገና መጠቅጠቅ ግድ ነው።

ለኛ ባለሙያ ይህ አዲስ አይደለም። ኦኩን በባሕር ዛፍ፣ ሀዘሉን በማገር፣ ገለባውን በጤፍ ጭድ ተኩት። እንዲያውም የጤፍ ጭድ ከስንዴ ገለባ ይቀጥናል፤ ጭቃውን በየአቅጣጫው ያያይዘዋል። የምንበለጠው ታች ነው። እነሱም በጥንት ጊዜ ቋሚያቸውን መሬት ውስጥ ይቀብሩ ነበር፤ እየበሰበሰ ሲያስቸግራቸው አጽሙን ዝቅ ባለ የድንጋይ ግንብ ላይ ማሳረፍ ጀመሩ። የኛ ቋሚ ግን ዛሬም ይቀበራል። የሚበሰብሰውም ከመሬቱ ወለል አንድ ስንዝር ወደ ላይና አንድ ስንዝር ወደ ታች ባለው ላይ ነው፤ እርጥበትና አየር አንድ ላይ የሚገኙት እዚያ ነዋ። ቢላዋ ወጋ ሲያደርጉት ያለ ግፊት ከገባ አልቆለታል። ያን ጊዜ ጣሪያውን በድጋፍ ይዞ፣ አንድ ቋሚ ብቻ፣ የበሰበሰውን ቆርጦ፣ ከሥሩ ከመሬት 40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ድንጋይ መገንባትና እንጨቱን እዚያ ላይ ማሳረፍ ነው። ሁለተኛው ቋሚ የሚነካው የመጀመሪያው ሸክሙን ከተቀበለ በኋላ ነው። አቻኩሎ ሦስቱን በአንድ ቀን የቆረጠ ሰው ጣሪያው ይዘምበታል፤ በሩም አልዘጋ ይለዋል።

አፈሩም እንዳይናቅ። ዋልካ አይሆንም፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ቀይ አፈር ጭድ ገብቶበት ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቡካ፣ በየቀኑ ውኃ እየተረጨ ይረገጥ። ጭዱ መሽተት ሲጀምርና ጭቃው ከእግር አልላቀቅ ሲል ደርሷል። ግድግዳ ላይ ከመውጣቱ በፊት ክንድ በክንድ በሆነ ቦታ መርጎ ማየት ነው፤ ደርቆ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ካወጣ ጭድ ወይም አሸዋ ይጨመርበት።

አሁን ደግሞ አራዳን ከሁሉ በላይ የጎዳው ነገር፣ ሲሚንቶ። እንግሊዞችም በዚህ በኩል ብዙ ከስረዋል፤ በተለይ በ20ኛው መቶ ዘመን አሮጌ የእንጨትና የጭቃ ቤታቸውን «ለማጠንከር» ሲሚንቶ ለሰኑት። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይወስዳል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይለቃል፤ እንጨቱም ከክረምት በጋ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶ ግን አይተጣጠፍም። በእንጨቱ ጠርዝ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል፤ ዝናቡ በዚያች ስንጥቅ ተስቦ ይገባል። መግቢያው ጠባብ ቢሆንም ይበቃዋል፤ መውጫው ግን በሲሚንቶው ተዘግቷል። ውኃው ጭቃው ውስጥ ይጠራቀማል፣ የማገሩና የቋሚው ጫፍ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ግን ግድግዳው እንደተኳለ ነው። በጣት አጥንት መታ መታ ቢያደርጉት እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። እኛ ዘንድ ደግሞ ልስኑ እንዲይዝ የሽቦ ወንፊት ይቸነከራል፤ ሽቦው ይዝጋል፣ አንድ ክረምት ላይ ልስኑ እንዳለ እንደ በር ተገንጥሎ ይወርዳል፤ የጭቃውንም ግማሽ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ «ጭቃ ቤት መቼም» ይባላል።

በድንጋይ ቤቶችም ያው ነው። ምድር ቤታቸው በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባ ድንጋይ፣ ፎቃቸው እንጨትና ጭቃ የሆነ፣ የእንጨት በረንዳ ያላቸውን የአራዳ ቤቶች ተመልከቱ። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ከተሞላ እርጥበቱ በመጋጠሚያው መውጣት ትቶ በድንጋዩ ፊት ይወጣል፤ የድንጋዩ ፊት እንደ ሽንኩርት እየተላጠ፣ ሲሚንቶው ብቻ እንደ መረብ ወጥቶ ይቀራል። መያዣው ምንጊዜም ከድንጋዩ የለሰለሰ ይሁን፤ የሚያልቀው እሱ ይሁን፣ ድንጋዩ አይተካምና። ዊልያም ሞሪስ በ1877 ያቋቋመው የእንግሊዞች የጥንት ቤቶች ጥበቃ ማኅበር እስከ ዛሬ የሚወተውተው ይህንኑ ነው።

ለስላሳው ነገር ኖራ ነው። የጎንደር ግንብ የቆመበትን ኖራ የዛሬው የአዲስ አበባ ግንበኛ ረስቶታል። አሠራሩ ይህን ይመስላል። የተቃጠለው ኖራ ድንጋይ ውኃ ውስጥ ይጨመራል (ውኃው ኖራው ላይ ከፈሰሰ ፈንጥቆ ዓይን ያጠፋል፤ መነጽርና ጓንት የግድ ነው)፤ ፈልቶ ሲበርድ ይጠለላል፤ ከዚያ ውኃ እንደለበሰ ቢያንስ 3 ወር ይቀመጣል። እንደ ቅቤ ሲሆን 1 እጅ ኖራ ከ3 እጅ ደቃቁም ሻካራውም ካለበት የታጠበ አሸዋ ጋር ይለወሳል። አሸዋው አፈር ካለበት ልስኑ ይሰነጠቃል። ለመጀመሪያው ሽፋን የተከታተፈ የፍየል ጠጉር ይገባበታል። ግድግዳው ይርጠብ፤ ሽፋኑ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ወፍራም ከሆነ ፊቱ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ኖራ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ ብሎ በመውሰድ ነው፤ ለዚህ ደግሞ እርጥበት ይፈልጋል። ስለዚህ እርጥብ ጆንያ ይሰቀልበት፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ጠዋትና ማታ ይረጭ። የቀትር ፀሐይ የመታው ልስን በጣት ሲነኩት እንደ ዱቄት ይረግፋል።

በከረጢት የሚሸጠው የኖራ ዱቄትም ይሠራል፤ ከመለወሱ በፊት ግን አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ይደር፤ መጋዘን ውስጥ የከረመ ከሆነ አየሩን ቀድሞ ስለወሰደ አፈር ሆኗል፣ አይያዝም። ብዙ ግንበኛ ኖራው ሲዘገይበት «ለጥንካሬ» ብሎ ጥቂት ሲሚንቶ ጣል ያደርግበታል። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። ሲሚንቶው በሰዓታት ደርቆ ኖራው ሥራውን ሳይጨርስ ያስቆመዋል፤ የሚገኘው ልስን እንደ ሲሚንቶ አልጠነከረ፣ እንደ ኖራ አልተነፈሰ።

ከፎቶው ሥር «በነጭ ቀለም የተቀቡ» ያላችሁት ግድግዳም ቀለም አይደለም። እንደ ወተት የቀጠነ ኖራ ነው፣ 5 ጊዜ ያህል እየሳሳ የተደራረበ፤ ሲቀባ ውኃ ይመስላል፣ ሲደርቅ ይነጣል። በየጥቂት ዓመቱ ይደገማል፤ ያን መደጋገም የሚጠላ ሰው የፕላስቲክ ቀለም ይቀባና ግድግዳውን ያፍነዋል።

ዴቮን በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ ያሉ የጭቃ ቤት ሠሪዎች ለቤትህ ጥሩ ባርኔጣና ጥሩ ጫማ ስጠው ይላሉ። ጫማው ከላይ ያልነው ድንጋይ ነው። ባርኔጣው አዲስ አበባ ላይ የበለጠ ያስፈልጋል፣ ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ዝናባችን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳልና። ቆርቆሮው ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ወጣ ይበል፤ አሸንዳ ከሌለ ጠፈጠፉ የሚያርፍበት ቦታ ጠጠር ይነጠፍበት፣ አለዚያ ጭቃው እየተረጨ የግድግዳውን እግር ይበላዋል። ሌላው ጣጣ ኮብልስቶን ነው። መንገዱ በተነጠፈ ቁጥር ከፍ እያለ፣ ከመንገድ ሦስት ደረጃ ከፍ ብሎ የነበረ ደጃፍ ዛሬ ወደታች የሚወረድበት ሆኗል፤ የጎርፉ ውኃ ቋሚው ሥር ይተኛል። ከግድግዳው ዙሪያ አፈሩን ከወለሉ በታች 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ ውኃውን በቦይ ማስወጣት ብዙ ቤት አድኗል። ከዚህ በላይ በርካሽ የሚሠራ ጥገና አናውቅም።

የሕጉን ነገር ባጭሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስነት የተመዘገበን ቤት ያለ ፈቃድ መነካካትን ይከለክላል። እንግሊዝም የተመዘገበን ቤት ያለ ፈቃድ መለወጥ፣ የውስጡን ጭምር፣ ወንጀል ነው። እዚያ የሚጨመረው አንድ ነገር፣ ባለቤቱ ቤቱን ችላ ካለ የአካባቢው ምክር ቤት አስቸኳይ ጥገናውን ራሱ አሠርቶ ሒሳቡን ለባለቤቱ መላክ መቻሉ ነው። እኛ ዘንድ ፈቃዱ ይሰጣል፤ በምን ዓይነት ልስን እንደሚጠገን ግን ፈቃዱ ላይ ሲጻፍ አላየንም። «ኖራ እንጂ ሲሚንቶ አይሁን» የምትል አንዲት መስመር ብትገባበት ትልቅ ነገር ነው።

ጋዜጣው ጭቃ ቤት ያላቸውን አንባቢዎች መርዳት ከፈለገ፣ ጽሑፉን የሚያወጣበትን ጊዜም ያስብበት። እንግሊዞች ከጥቅምት እስከ መጋቢት ውርጭ ፈርተው የውጭ ኖራ አይለስኑም፤ የኛ ጠላት ክረምቱ ነው። አሸንዳና ቦይ ግንቦት ሳይወጣ ይጠረግ። ቋሚ የሚቀየረው መሬቱ ሲደርቅ በጥር ወይም በየካቲት ነው። ኖራ የሚለሰነው ከመስቀል በኋላ፣ አየሩ ገና እርጥበት እያለው፣ ፀሐዩም ሳይበረታ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ኖራው ሰኔ ላይ ውኃ ውስጥ መግባት አለበት።

ከሰላምታ ጋር
በአራዳ አካባቢ የምንሠራ የአሮጌ ቤት ጥገና ባለሙያዎች
አዲስ አበባ